ከሌንሱ ትንሽ ወደ ግራ

አብዱልናስርን ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። እሱ ግን አያየኝም።

ቦሌ ካለው ቢሯችን ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌላት የኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ እቀመጣለሁ። ስክሪኑ ላይ እሱ አለ። «ሰላም ተማሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?» ይላል። እኔም «ደህና» እላለሁ፤ ማንም አይሰማኝም። ሲያስል እቆርጣለሁ። ቃል ሲስት እቆርጣለሁ። ውሃ ሲጠጣም መቁረጥ አለብኝ፤ ግን መጀመሪያ ደጋግሜ አየዋለሁ። ሰው የሚወደውን ሰው በየቀኑ እያየ ሊናፍቀው እንደሚችል ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ድሮ እዚሁ እኛ ስቱዲዮ እየመጣ ነበር የሚቀዳው። አሁን ዩኒቨርሲቲው ለመምህራኑ ካሜራና ማይክ አድሏል፤ ሰሚት ከተከራየው ኮንዶሚኒየም ራሱ ቀድቶ ይልካል። ለእኔ ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ የሚልከው «ለቴክኒክ ክፍል» ነው። የቴክኒክ ክፍል እኔ መሆኔን ያውቃል፤ ስሜን ግን አይጽፍም። ከጀርባው ቡናማ መጋረጃ ይታያል። ያንን መጋረጃ በፎቶ እየላከልኝ የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ የሁለታችን ቤት ይሆናል ብዬ።

አሁን ሌንሱን ቀጥ ብሎ ነው የሚያየው፣ ልክ መመሪያው እንደሚያዘው። እንከን የለውም። እንዲህ ባለ እንከን የለሽ አስተያየት ልብ ይሰበራል ብሎ ማን ያስባል? ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በእኔ በኩል አልፎ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

*

ነገሩ የጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን «ኦንላይን፣ ኦንላይን» ማለት ሲያበዛ ነው። መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ኮርስ ተባለ። ቀጥሎ የአንደኛ ዓመት ትምህርት በሙሉ ሆነ። ከዚያ ጅግጅጋም አሶሳም ደምቢ ዶሎም ያለ ሰው ከሥራው ሳይነሳ ዲግሪውን ይማር ተባለና ስቱዲዮ ተከፈተ። እኔ ያን ጊዜ የሰው ሠርግ እየቀዳሁ ነበር የምኖረው። የሌላ ሴት ደስታ ላይ ካሜራ መደገን ሰልችቶኝ ስለነበር ሥራው ሲወጣ ቀድሜ ተመዘገብኩ።

ግቢ ውስጥ አንበሳ የነበሩ መምህራን ካሜራ ፊት ሲቆሙ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አንዱ «ጥያቄ ያለው?» ብለው እጅ የሚያወጣ ሰው ሲጠብቁ እኔ ከጀርባ ሳቄን እውጥ ነበር። አብዱልናስር ግን ከሁሉም ባሰ። የሚያስተምረው ሎጂክ ነው። ተማሪዎቹ ክፍሉ ሞልቶ በመስኮት ሆነው ያዳምጡታል ይባልለታል። እኛ ዘንድ መጥቶ ግን መብራቱ ሲበራበት ፊቱ ጠፋ፣ ደጋግሞ ጀመረና አቆመ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አልቻልኩም» አለኝ። «ማንን ነው የማስተምረው?»

«እኔን ያስተምሩኝ» አልኩት።

«አንቺ ትማሪያለሽ?»

«ደሞዝ እየተከፈለው መማር ማን ይጠላል?»

ሳቀ። በርጩማዬን ስቤ ከካሜራው አጠገብ፣ ከሌንሱ ትንሽ ወደ ግራ ተቀመጥኩ። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና ማስተማር ጀመረ። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ግንባሬን እቋጥራለሁ፤ ያያል፣ ይመለሳል፣ በሌላ ምሳሌ ያስረዳኛል። ሲገባኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ደስ ይለዋል። አገር ሙሉ ተማሪ «መምህሩ እኛን ነው የሚያየው» እያለ ሲማር፣ እሱ የሚያየው አንዲት የሾላ ነጋዴ ልጅ ነበር። መመሪያው ሌንሱን ይመልከቱ ይላል። እኔም ልነግረው ይገባ ነበር። አልነገርኩትም።

«እርስዎ» ማለቴ መቼ እንደቀረ አላስታውስም። «አንተ» ስለው ግን አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ያለው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ከቀረጻ በኋላ ሕንጻው ሥር ካለችው ካፌ ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ሰው እንዳያወራ በር በሩን ነው የምንቀመጠው። «ሳና፣ አንቺ ባትኖሪ እኔ ከግድግዳ ጋር ነበር የማወራው» አለኝ አንድ ቀን። ፍቅር እንዲህ ነው የተነገረኝ። ከዚያ የተሻለ አነጋገርም አልፈለግኩም።

*

አባዬ ሐጂ ሰዓድ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ነጋዴ ነው። ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ፣ ተሸክሞ፣ ሸጦ፣ ቦሌ ሚካኤል ቤት ሠርቶ ነው እኛን ያሳደገን። እሱ ዘንድ የሚሸጥ ነገር የሌለው ሰው ወንድ አይባልም። አብዱልናስር ደግሞ ያለው ንግግር ብቻ ነው። እናቴ ዘሃራ ነገሩን ቀስ አድርጋ ስትነግረው «አስተማሪ?» አለ፣ የበሽታ ስም የሚጠራ ይመስል። ቆይቶ ግን «ሽማግሌ ይላክ፣ እንሰማለን» አለ። እኔንም ጠርቶ «ጉዳዩ እስኪቋጭ ከልጁ ጋር በስልክም በአካልም እንዳትነጋገሪ፤ ወሬ አልፈልግም» አለኝ። ቃል ገባሁለት። አብዱልናስርም በዚሁ ተስማማ።

የእሱ አባት በሕይወት የሉም፤ አጎቶቹ ያሉት ወራቤ ነው። ስለዚህ ለሽምግልና የላከው እዚህ የሚያከብራቸውን ሰዎች ነበር። ዋናው የኦንላይን ፕሮግራሙ ኃላፊ ዶክተር ኃይለኪሮስ ናቸው፤ ብዙ ዓመት ጀርመን ኖረው የመጡ፣ የማይመሩት ኮሚቴ የሌለ ሰው። ሁለተኛው ከሬጅስትራር ጡረታ የወጡት አቶ ወልደጻድቅ ነበሩ። ቅን ሰዎች ናቸው፤ ችግሩ ሁለቱም ከስብሰባ ሌላ ነገር የረሱ መሆናቸው ነው።

ሳሎናችን ያለው ሶፋ ላይ ያለውን ፕላስቲክ አባዬ እስከ ዛሬ አላስነቀለውም፤ «ታቆሽሹታላችሁ» ይላል። ሰው ሲቀመጥበት ይንኮሻኮሻል። እኔ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። አባዬ «ተቀመጡ» አለ። ሽማግሌ ሆኖ የመጣ ሰው ተቀመጥ ሲባል አይቀመጥም፤ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ወዲያው ሶፋው ተንኮሻኮሸ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ ገና ልጅ ናት» አለ አባዬ ሲጠይቁት። «እሷም አላሰበችበት። እኔም ለአስተማሪ ልድራት አላሳደግኳትም። አይሆንም።»

እኔ ፈገግ እያልኩ ነበር። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የተባለባት ልጅ ቤቱን ያስመረረች ትመስላለች። የመጀመሪያው አይሆንም የወግ ነው። ሽማግሌ «እንግዲያው መቼ እንመለስ?» ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጠዋል፣ ይመለሳል፣ ሁለተኛም አይሆንም ይባላል፣ በሦስተኛው ይመረቃል። እኔ የጠበቅኩት «መቼ እንመለስ» የምትለዋን ቃል ነበር።

«ስለሰጡን ጊዜ እናመሰግናለን» አሉ ዶክተር ኃይለኪሮስ። ሶፋው እንደገና ተንኮሻኮሸ። ጫማቸውን አደረጉና ወጡ።

አባዬ ሳሎን መሃል ቀርቶ «ምን አሉ?» አለ።

«ምሁራን ናቸው፣ የራሳቸው ደንብ ይኖራቸዋል» አለች እናቴ። «ይመለሳሉ።»

አልተመለሱም። ጁምዓ መጣ፣ ሌላም ጁምዓ መጣ። ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ለዒድ እንኳን «እንኳን አደረሰሽ» የሚል የለም። ስቱዲዮ መምጣቱን ተወ፤ ከሰሚት እየቀዳ መላክ ጀመረ። ልደውል ስልኩን አነሳና ቃል መግባቴ ትዝ ይለኛል። ደግሞስ ሴት ልጅ «ሽማግሌህን ላክ እንጂ» ብላ ትደውላለች? ስልኬን መልሼ አስቀምጣለሁ። ማስቀመጡ ሲደጋገም ልማድ ሆነ፤ ልማዱ ግን አልቀለለኝም።

*

አባዬ ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ንዴት አለ መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ናት እውነቱን የነገረችኝ። ልብስ እያጠፍን ነበር።

«አባትሽ እኮ ሰሚት ድረስ ሄዶ ስለ ልጁ አጠያይቋል» አለችኝ። «መስጊዱ ያሉት ሁሉ በበጎ አነሱለት። ‹ለሦስተኛ ሲመጡ እሺ እላቸዋለሁ፤ አንቺ አፍሽን ያዢ› ብሎኝ ነበር። ባይመጡ ነው እንዲህ የከፋው። ሾላ ያለ ሰው ሁሉ ምን ደረሳችሁ ይለዋል።»

የያዝኩትን ልብስ ፊቴ ላይ አደረግኩት። «አብሽሪ ልጄ» አለች እናቴ። ለምን እንዳልተጽናናሁ ግን እሷም ታውቀዋለች።

በዚህ መሃል ነው የሙዘሚል ሽማግሌዎች የመጡት። ሙዘሚል የአባዬ ጎረቤት ነጋዴ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ በቀለለኝ። ሽማግሌዎቹ ቆሙ፣ አይሆንም ተባሉ፣ ቀጠሮ ጠየቁ። ተመለሱ፣ ቆሙ፣ አይሆንም ተባሉ፣ ቀጠሮ ጠየቁ። ሦስተኛው ቀጠሯቸው እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው። ሦስተኛው ምን እንደሆነ ቤታችን ውስጥ ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። እናቴ ብርጭቆዎቹን ከሳጥን አውጥታ ስታጥብ ግን ሰማሁ።

እኔ ሥራዬ ላይ ተደበቅኩ። ያ ሳምንት ግን ሥራዬም አልማረኝም። በተማሪዎች ፎረም ላይ ደምቢ ዶሎ ፋርማሲ ውስጥ እየሠራች የምትማር ሶሬቲ የምትባል ልጅ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች መምህራችን ከካሜራው ትንሽ ወደ ግራ ነበር የሚያዩት። አሁን ቀጥታ ያዩናል። ግን ድሮ ነበር የሚያዩኝ የሚመስለኝ። አሁን ግድግዳ የሚያዩ ነው የሚመስሉት። ደህና ናቸው?» ከሥሩ ከየአገሩ «እኔም አስተውያለሁ»፣ «እኔም» የሚል ተከተለ። ከጎንደር የጻፈ አንድ ሰው «ያኔ እዚያ ግራ በኩል ያለው ማነው ግን?» ብሎ ጠየቀ።

ክፍሌን ዘግቼ አለቀስኩ። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ቦታዬ ባዶ መሆኑን አወቁ። እሱ አላወቀም።

ጥያቄው ለጥራት ኮሚቴው ደረሰ። ኮሚቴው፣ ማለትም ዶክተር ኃይለኪሮስ፣ ሌላ ነገር ነው የታያቸው። «ከሌንሱ ውጭ እያዩ የተቀዱት ትምህርቶች ደረጃቸውን አልጠበቁም፤ በስቱዲዮ ተደግመው ይቀዱና የቀድሞዎቹ ይጥፉ» ብለው አዘዙ። የሚያጠፋው ቴክኒክ ክፍል ነው። የሚቀዳውም ቴክኒክ ክፍል ነው። ቀኑ ዓርብ ሆነ።

*

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብዱልናስር መጣ። ከስቷል። ስክሪን ላይ መክሳቱ አይታወቅም ነበር። «አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ «ወአለይኩም ሰላም» አልኩ፤ ሁለታችንም ወለሉን ነው ያየነው። ማይኩን ደረቱ ላይ ለመሰካት መቅረብ ነበረብኝ። «ራስዎ ይሰኩት» ብዬ እጄን ዘርግቼ ሰጠሁት።

«እርስዎ ሆንኩ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሥራ ላይ ነን መምህር። ሌንሱን ይመልከቱ።»

ካሜራውን አስነሳሁ፤ ቀይዋ መብራት በራች። ሦስተኛው ትምህርት ነበር። ጀመረ፦ «አንድ ነገር አልተረጋገጠም ማለት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። መልስ ስላላገኘን ብቻ መልሱ ይህ ነው ብለን ብንደመድም ...» ዓይኑ ከሌንሱ ተንሸራቶ ወደ ግራ ሄደ። እዚያ በርጩማ የለም። ባዶ ወለል ነው።

«ወደ ግራ አዩ። እንደገና።»

ጀመረ። እዚያው ቦታ ሲደርስ ዓይኑ ሸሸ።

«እንደገና።»

«በርጩማሽ የት ሄደ?»

«አነሳሁት።»

«ለምን?»

ለዚህች ለምን መልስ አዘጋጅቼ አልመጣሁም። የያዝኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «ማን ይቀመጥበታል? እርስዎ ጠይቀው የተዉዋት ልጅ ናት ወይስ የሾላ ሁሉ መሳቂያ የሆነው አባቷ? በርጩማ ምን ይሠራልዎታል? ግድግዳ ይበቃዎት የለ!»

«እኔ ነኝ የተውኩሽ?» አለ። «ሳና፣ ‹እሷም አላሰበችበት› የተባልኩት እኔ ነኝ። ያንን ሁሉ ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ካሳለፍሽ በኋላ አላሰብሽበትም። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? በሰሚት ታክሲ ውስጥ ሰው መሃል ተጨናንቄ፣ ዶክተር በስልክ ሲነግሩኝ፣ ‹እሺ፣ አመሰግናለሁ› ነው ያልኩት።»

«ያንን እኮ ሁሉም አባት ይላል! ልጁ ቀልላ እንዳትታይ ነው የሚለው! አንተ ደግሞ ...»

«አይሆንም አሉ ሳና! ‹ጥያቄያችን ተቀባይነት አላገኘም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል› ነው የተባልኩት።»

«አንድ ጊዜ ነው እኮ አይሆንም ያለው!» ጮህኩበት። «አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ ብቻ!»

አፉ ተከፍቶ ቀረ። እኔም ገና ያኔ ነው የገባኝ። አልተወኝም ነበር። የመጀመሪያውን አይሆንም የመጨረሻ አድርጎ፣ ያንን እንደ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከዚያ ቡናማ መጋረጃ ፊት ብቻውን ተቀምጦ ሲያስተምር ነበር የከረመው።

«እናንተ አገር ልጅ በአንድ ቀን ነው የሚሰጠው?» አልኩት።

«አይደለም» አለ። «አይደለም። አጎቶቼ በወንድሜ ጊዜ ስንቴ ተመላልሰዋል። አውቀዋለሁ እኮ። ግን ‹ለአስተማሪ አላሳደግኳትም› ሲባል ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። እኔ ራሴን በየማታው የምጠይቀውን ነገር ነው አባትሽ የተናገሩት። በምን ላኖራት ነው? ምን አለኝ? በእሳቸው አፍ ስሰማው ወግ አልመሰለኝም። እውነት መሰለኝ።»

«አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?»

«አንቺስ?»

አንቺስ። ልክ ነው፣ እኔስ? ቃል ገብቼ ነበር። ከቃሉ በላይ ግን ኩራቴ ነበር ስልኩን እያስቀመጠ የከረመው።

«አባዬ ሰሚት ድረስ ሄዶ ስላንተ ጠይቆ ነበር» አልኩት። «ሦስተኛው ላይ እሺ ሊል ነበር። አሁን ሌላ ሽማግሌ እየተመላለሰ ነው። ሁለቱን ጨርሰዋል። ሦስተኛው እሁድ ከዙህር በኋላ ነው።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በዚህ ጊዜ በሩ ተንኳኳና የአካውንቲንግ መምህሯ ወይዘሮ ጥሩነሽ ፊታቸውን ፓውደር አልብሰው ገቡ። «አልረፈደብኝም አይደል? ስሚ ሳና፣ ይሄ መብራታችሁ ግንባሬን አያብለጨልጨውም?»

አብዱልናስር ማይኩን ከደረቱ ፈታ፣ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው፣ ወጣ። ካሜራው ያንን ሁሉ ሲቀዳ ነበር። የድሮዎቹን ትምህርቶች አጥፍቻለሁ ብዬ ለኮሚቴው ጻፍኩ፤ እነሱንም ይህንንም አላጠፋሁም።

*

ቅዳሜ ብቻዬን ቢሮ ገባሁ። ሦስተኛውን ትምህርት ከዓርቡ ቁርጥራጭና ካላጠፋሁት ከድሮው ቀረጻ ሰፍቼ ለተማሪዎቹ ለቀቅኩት። ዓይኑ ወደ ባዶው ግራ የሸሸበትን ቦታ መቁረጥ ነበረብኝ። ተውኩት። ሳይቆይ ሶሬቲ ጻፈች፦ «መምህራችን ተመልሰዋል! ግን የከፋቸው ይመስላሉ።» ደምቢ ዶሎ ያለች ልጅ ከእኔ የበለጠ እርግጠኛ ነበረች። እኔ መመለሱን አላውቅም። ቃሌን አፍርሼ ልደውልለት ስልኩን አነሳሁ። ከዚህ በኋላ ግን ቃሉ የሚጠበቀው ከእሱ ነው። አስቀመጥኩት። ቦሌ መንገድ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሄዳል፤ በመሃላቸው አልፌ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ እናቴ ሳምቡሳና ተምር አሰናዳች። አዲስ ቀሚስ አልጋዬ ላይ ዘርግታልኝ ነበር። ለብሼው ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ዙህር ገና አዛን ሳይባል በሩ ተንኳኳ።

«ቀደሙ እንዴ?» አለች እናቴ። እኔም የሙዘሚል ሰዎች ችኮላ መሰለኝ። በሩ ተከፈተ። ጫማ ሲወልቅ ሰማሁ።

«ተቀመጡ» አለ አባዬ።

ሶፋው አልተንኮሻኮሸም።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም ሐጂ» አለ የማላውቀው የሽማግሌ ድምፅ። «ሱሌማን እባላለሁ፣ ከሰሚት መስጊድ። ይሄ ደግሞ ልጁ የተከራየበት ቤት ጌታ አቶ ተስፉ ነው።»

ሰሚት። እጄን አፌ ላይ አደረግኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያንን ጉሮሮ በየስብሰባው አውቀዋለሁ።

«ሐጂ» አሉ ዶክተር ኃይለኪሮስ። «ባለፈው እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ ቆሜ ነው የምናገረው። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እኔ ነኝ። ስብሰባ መስሎኝ ነበር።»

«ስብሰባ?»

«አዎ። ውሳኔ ተሰጥቶ የተዘጋ ስብሰባ።»

አባዬ ዝም አለ። የዶክተር ጉልበት እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ስቱዲዮ መጥተው ያለ ወንበር ቆመው አያውቁም። ግን ቆመዋል።

«እኔ በሾላ ሰው ፊት ስንት ነገር ውጬያለሁ» አለ አባዬ በመጨረሻ። ድምፁ የንዴት አልነበረም፤ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር። «ልጄ ተጠይቃ ተተወች ተብሏል። እኔ አባቷ ነኝ። አይሆንም።»

ያ ቃል እንደገና ሳሎናችን ውስጥ ወደቀ። ባለፈው ጊዜ ከዚህ ቀጥሎ ምስጋና መጣ፣ ሶፋው ተንኮሻኮሸ፣ ጫማ ተደረገ፣ ሕይወቴ ወጣ። ጆሮዬ ጫማ ፈለገ። እናቴ ክንዴን አጥብቃ ጨመቀችኝ።

«እንግዲያው መቼ እንመለስ?» አሉ ዶክተር ኃይለኪሮስ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደህና አድርጌ አልሰማሁትም፤ እንባዬ ጆሮዬንም የሞላው ይመስል። አባዬ «ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ» ሲል ሰማሁ። «ያኔም እሺ ይለናል ብላችሁ ተስፋ እንዳታደርጉ» ሲል ሰማሁ። «እኛ እንመጣለን» አሉ ሼህ ሱሌማን። ከዚያ አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ጓዳ ተጣራ።

«ዘሃራ! ለእነ ሙዘሚል ቤት ደውይላቸው። ቀድሞ የጠየቀ ሰው ተመልሷል፣ በእሱ ላይ እሺ ማለት አልችልም በያቸው። ይቅርታ ብሏል በያቸው።»

እናቴ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ። አብዱልናስር አሁን ሰሚት፣ ከዚያ ቡናማ መጋረጃ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እኔም እስከ ዓርብ መደወል አልችልም። አይሆንም መባሉን ከሌላ ሰው ነው የሚሰማው፤ ከነቀጠሮው ሲሰማው ግን ደስ እንደሚለው አውቃለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ አዲሱን ቀሚሴን እያረጠብኩ ቆምኩ። አባዬ ሽማግሌዎቹን እስከ በር ሸኛቸው። ሶፋው እስኪወጡ ድረስ አልተንኮሻኮሸም።